የወንድም ጋሼ ተራ

ነገሌ ላይ ክረምት የሚባለው ወሬ ብቻ ነው። ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤቱ እንደ ሌላው አገር ለዝናብ ይዘጋል፤ ዝናቡ ግን አይመጣም። የእኛ ዝናብ በሚያዝያ ወርዶ ጨርሷል። ሐምሌና ነሐሴ ነፋስና ቀይ አቧራ ናቸው። ባለቤቴ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ወላጆቿ ግን ከሰሜን የመጡ ስለሆኑ ሰኔ ሲያልቅ ማገዶውን ወደ ቤት ታስገባለች፣ እኔን ደግሞ ጣራ ላይ ታወጣኛለች።

«ክረምቱ ገባ እኮ! ቆርቆሮውን እስቲ እይልኝ» ትለኛለች፣ ከዓይኗ አቧራ እየጠረገች።

እወጣለሁ። ቆርቆሮው ደህና ነው። እወርዳለሁ። እንዲህ እያደረግን ብዙ ክረምት በሰላም አሳልፈናል።

ሥራዬ ወፍጮ ቤት ነበር። ወፍጮው የአንድ ሽማግሌ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ እኔ ሞተሩን አስነሳለሁ፣ ድንጋዩን እወቅራለሁ፣ እፈጫለሁ። ትምህርቴ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ሳልደግም ያለቀ ነው፤ ሞተሩም ቢሆን ጉልበት እንጂ ዳዊት አይጠይቅም ነበር። ክረምት ለሌላው ዕረፍት ነው፤ ለእኛ ግን በሚያዝያው ዝናብ የበቀለው በቆሎና ጤፍ ደርሶ ወረፋው ከበር የሚያልፍበት ወቅት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤተሰቡ እንዳለ ወፍጮ ቤት ይገባል። ወንዶቹ ልጆቼ ጆንያ ይሸከማሉ፣ ባለቤቴ ሚዛኑ ላይ ትቆማለች፣ የመጨረሻዋ ሴት ልጃችን ተራ ታስከብራለች።

ይህች ልጅ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፣ አትናገርም። ዛሬ «መስማት የተሳናት» ይባላል፤ ለጆሮ ደህና አባባል ነው። ያኔ «ድዳዋ» ነበር የሚሏት። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ «ቀይዋ»፣ «ረጅሟ» እንደሚሉት ነው። ጎረቤት መንገድ ላይ ሲያገኛት ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ሥር ይጮህባታል። አትሰማም ብሎ የሚጮህ ሰው ምን ተስፋ አድርጎ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ግን ሞተሩ ከተነሳ ሁላችንም እንደ እሷ ነን። ከንፈር ይንቀሳቀሳል እንጂ የሚሰማ የለም። ስለዚህ በእጅ መነጋገር የወፍጮ ቤት ወግ ነው፤ ልጄ ደግሞ ያንን ወግ አሰፋችው። ጤፍ ለማለት የጣቶቿን ጫፍ ታሻለች፤ በቆሎ ለማለት እሸት እንደሚግጥ ሰው ትሆናለች። እኔ ቅንድብ ነኝ፤ ቅንድቤ ላይ ዱቄት ስለማይጠፋ ነው። ባለ ወፍጮው ጢም ናቸው። የመምህሩ ሚስትና አንዲት የቦረና ሴት ውጭ «አካም? ናጋ?» ብለው ደህንነት ከተጠያየቁ በኋላ የጋራ ቋንቋቸው ያልቅባቸዋል፤ ውስጥ ሲገቡ ግን በልጄ እጅ ተግባብተው ሲሳሳቁ አያለሁ።

የተራው ሕግ ቀላል ነው። ባለ እህሉ ገበያ ሊውል ይችላል፣ ስልቻው ግን በቦታው ይሰለፋል። ስልቻውን ወደ ፊት የሚያስጠጋ ሰው ከተገኘ ልጄ መጥታ መዳፏን ስልቻው ላይ ታሳርፍና መታ መታ ታደርገዋለች። ተራህን ጠብቅ ማለት ነው። የሹም አሽከር ቢሆን፣ የባለ ወፍጮው የገዛ ሚስት ቢሆኑ፣ ያው መታ መታ ነው።

አንድ ሐምሌ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከአዲስ አበባ መጡ። ባለቤቴ ወንድም ጋሼ ትላቸዋለች፤ አባቷ ሲሞቱ እዚያው ሆነው ገንዘብ እየላኩ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሥራቸው ጥብቅና ነበር፤ ድምፃቸው እንደ ደወል ነው፣ ምሳ ሲበሉ እንኳን ይሟገታሉ። ከጭነት መኪናው ሲወርዱ የዝናብ ካፖርት ለብሰዋል፣ ጃንጥላ ይዘዋል፤ ጫማቸውን መንገድ ላይ ያለው የደጋው የቦሬ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት ውጦታል። የሰፈር ልጆች ጭቃውን ለማየት ተከትለዋቸው መጡ። በጆንያ የተጠቀለለ ትልቅ ጠርሙስም አቅፈዋል።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳቸው።

«ጠበል ነው። ለልጅቷ። መጀመሪያ ይህን እናስጀምራታለን፤ ከዚያ ለፍልሰታ ይዣት እሄዳለሁ። ጠበሉ ቦታ ከመነኩሲት አክስታችን ጋር ትቀመጣለች።»

«እስከ መቼ?»

«እስከምትድን!»

«ካልዳነችስ?»

«ካልዳነችማ እዚያው ነዋ፤ ምን ችግር አለ? ስማ ወንድሜ፣ ነገ እነዚህ ወንዶች ሚስት ያጫሉ። ‹ቤታቸው ድዳ አለ› ሲባል ማን ልጁን ይሰጣል? እኔ ለልጆችህ ነው የምሟገተው።»

እኔ በንግግር ከእሳቸው ጋር የምገጥም ሰው አይደለሁም። አንድ ነገር አስቤ አፌን እስክከፍት እሳቸው ምስክር ጠርተው፣ አሰምተው፣ አሰናብተዋል። ባለቤቴን አየኋት።

«ወንድም ጋሼ ያሉት ይሁን» አለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ለመንገድ በሶ የሚሆን ገብስ መቁላት ጀመረች። ገብሱ አረረ። በባለቤቴ እጅ ገብስ ሲያር ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ሌላ ቆላች። ለልጅቷም አዲስ ቀሚስ ሰፋች፤ ሰፍታ ስትጨርስ እጅጌው አልተስተካከለም ብላ ፈታችው፤ ደግማ ሰፋች፣ ደግማ ፈታች። መሄጃው እንዲዘገይ እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም መርፌ ሲጠፋባት እያወቅሁ አላነሳሁላትም።

መኪናው ግን ከቀሚሱ ባሰ። እኛ ዘንድ አቧራ ሲነፍስ ቦሬ ላይ እውነተኛው ክረምት ይዘንብ ኖሮ መንገዱ ተቆረጠ። ሾፌሩ «ዛሬ»፣ «ነገ»፣ «ቢበዛ ሰኞ» ይላል። ወንድም ጋሼ የዝናብ ካፖርታቸውን ፀሐይ ላይ አስጥተው ዝናብ የሌለበት ከተማ ውስጥ በዝናብ ታሠሩ።

ዝም ብሎ መቀመጥ ስለማይሆንላቸው ወፍጮ ቤት መዋል ጀመሩ። በመጀመሪያው ቀን ገብሱን ራሳቸው ተሸክመው መጡ፤ መኪናው ድንገት ቢነሳ በሶው እንዳይዘገይ ብለው ነው። ስልቻውን ከሁሉ ፊት አስቀመጡት። ልጄ መጣችና መታ መታ አደረገችው። ምልክቱን አላወቁም፤ የምታደንቀው መስሏቸው ፈገግ አሉላት። እሷም ስልቻውን ጎትታ ወደ መጨረሻው ወሰደችው።

«አንቺ! ለአንቺው መንገድ እኮ ነው!» ብለው ጮኹ። ከንፈራቸውን አነበብኩ እንጂ አልሰማኋቸውም። መልሰው አመጡት። መልሳ ወሰደችው። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ዱቄቱ ከራሳቸው ላይ ይበን ነበር። ወንድም ጋሼ ከሞተሩ ጋር ተሟገቱ፤ ሞተሩ አልተረታም። በሶው በተራው ተፈጨ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየመጡ ስለ ዳኛው፣ ስለ ርስቱ፣ ስለ መንገድ ሥራው በሞተሩ ላይ ይጮሁ ነበር። የሰማቸው ባይኖርም ሁሉም በአክብሮት ራሱን ይነቀንቅላቸዋል። ልጄም ስም አወጣችላቸው፤ ጣቶቿን እንደ ወፍ አፍ ትከፍትና ትዘጋለች። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ሞተሩ ዞርኩ።

ፍልሰታ ሲገባ አቧራውም፣ ዱቄቱም፣ ጩኸቱም ተባብረው የወንድም ጋሼን ድምፅ ወሰዱት። አንድ ጠዋት አፋቸውን ከፈቱ፣ ምንም አልወጣም። ባለ ወፍጮው ጢማቸውን እያሻሹ አዘኑላቸው።

«ኦቦ፣ ድምፅዎ የት ገባ? ናጋ አይደሉም እንዴ? ያ ያመጡት ጠበል አለ አይደል፤ እሱን ጠጣ ጠጣ ያድርጉ እንጂ።»

ወንድም ጋሼ አዩኝ። እኔ ባለቤቴን አየኋት። ባለቤቴ ጠርሙሱን አመጣች። ለልጅቷ አንድ ኩባያ ሰጥታ የቀረውን ወንድሟ በየጠዋቱ ጠጡት። ልጄ መጠጣታቸውን ፊት ለፊት ተቀምጣ እያየች፣ ሲውጡ ጉሮሯቸው ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ «መጣ?» በሚል ዓይን ትጠይቃቸዋለች። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አልመጣም።

ያን ሰሞን ማዕድ ላይ ሰላም ወረደ። ወንድም ጋሼ የሚፈልጉትን የሚያውቅላቸው ልጄ ብቻ ሆነች። ሚጥሚጣ ሲያምራቸው፣ ትራስ ሲያንሳቸው፣ ስለ መኪናው ሲጠይቁ፣ በእሷ በኩል ነው። ምልክት ሲሳሳቱ ጣታቸውን በቀስታ ትመታቸዋለች፤ ጥብቅናቸውን ረስተው እንደ ተማሪ ደግመው ያሳያሉ። ባለቤቴ ከእንጀራው ቀና ብላ፣ «ወንድም ጋሼ ሰው ሲነግራቸው እስከ መጨረሻው ሲያዳምጡ አየሁ፤ ከዚህ በኋላ ብሞትም አይቆጨኝም» አለችኝ።

ከቡሄ በኋላ ሾፌሩ እየሮጠ መጣ። መንገዱ ተከፍቷል፤ አሁኑኑ መነሳት አለበት። ቀሚሱ እጅጌው እንደተፈታ ስለነበር ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ በልጇ ገላ ላይ ሰፋችው። በሶውና የልጅቷ ሳጥን መኪና ላይ ወጡ። ወፍጮ ቤት የነበረው ሰው በሙሉ ወጣ፤ ባለ ወፍጮውም ሱቃቸውን ትተው መጡ። የወንድም ጋሼ ድምፅ በመጠኑ ተመልሶ ነበር፤ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል። ንግግር ሊያደርጉ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ባለቤቴ የልጅቷን ትከሻ በሁለት እጇ ይዛለች።

ንግግር አላደረጉም። የመኪናው ሞተር እየጮኸ ጎንበስ አሉና በልጄ ቋንቋ ጠየቋት፦ አንቺ፣ እኔ፣ መኪና፣ እንሂድ? እስከዚያች ሰዓት ድረስ እሷን የጠየቃት ማንም አልነበረም።

ልጄ መኪናውን አየች። ሳጥኑን አየች። ቀና ብላ እናቷን አየች። ከዚያ መዳፏን ወንድም ጋሼ ደረት ላይ፣ ያ የዝናብ ካፖርት ላይ አሳረፈችና መታ መታ አደረገችው።

ባለ ወፍጮው ቀድመው ሳቁ። «ኦቦ! ተራዎን ይጠብቁ ነው የምትልዎ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ወንድም ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ፣ የእሷ እጅ የነበረበት ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ በዚያች በዛገች ድምፃቸው፣ «ቀጠሮ ሰጠችኝ» አሉ። «ቀጠሮ ደግሞ ይከበራል። ሳጥኑን አውርዱ።»

ባለቤቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። መኪናው ወንድም ጋሼን ይዞ ከሄደ በኋላ ስናየው ክሩ ሳይቆረጥ ቀርቶ የልጅቷ እጅጌ ከእናቷ መርፌ ጋር እንደተያያዘ ነው።

እሳቸውም ቀጠሮ አከበሩ። በሚቀጥለው ሐምሌ ካፖርት ለብሰው፣ ጃንጥላ ይዘው መጡ፤ ለጉሮሯቸውም ማር ይዘዋል። ጠየቋት፤ መታ መታ አደረገቻቸው፤ ደስ ብሏቸው ከረሙና ሄዱ። በዓመቱም እንዲሁ። ወንዶቹ ሚስት አጩ፤ ሚስቶቹ ከመጡ በኋላ መጀመሪያ የተማሩት የእሷን እጅ ነው።

በመጨረሻ የመጡበት ክረምት አርጅተው፣ በከዘራ ነበር። ልጄም ትልቅ ሴት ሆና ወፍጮውን እኔን ተክታ ትሠራ ነበር። ወንድም ጋሼ ለመንገዳቸው ትንሽ ገብስ ይዘው ወረፋው መጨረሻ ላይ ቆሙ። ልጄ አየቻቸው፤ መጣችና ስልቻውን አንስታ ከሁሉ ፊት አስቀመጠችው። እንዲህ ስታደርግ አይቼ አላውቅም።

ወንድም ጋሼ ደነገጡ። ክንዴን ይዘው ወደ ውጭ ጎተቱኝ።

«ምን ማለቷ ነው? ተራዬ ደረሰ? ትመጣለች ማለት ነው እንዴ? እኔ እኮ አሁን እንኳን ሰው ልጦር፣ ራሴም በሰው እጅ ነኝ!»

«አይስጉ» አልኳቸው። «የደረሰው የገብሱ ተራ ነው።»

እፎይ አሉ። ከዚያ ገብተው ሞተሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ለእሷ በእጃቸው ብዙ ነገር አወሩላት፤ እሷም እየፈጨች በአንድ እጇ መለሰችላቸው። ውጭ አቧራው ይነፍስ ነበር። ባለቤቴ በበሩ ብቅ ብላ ጣራውን እንዳየው ጠቆመችኝ።