ባለ ሚዳቋውና ባለ ኮከቡ ፔርሙዝ

ትናንት ረፋድ ላይ ነው። የደብረ ማርቆስ ዝናብ እንደ ልማዱ አላባራ ብሏል። እኔ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በሁለት እናቶችና አጥሚት በሞሉ ሁለት ፔርሙዞች መሃል ተጣብቄ የመጠየቂያ ሰዓት እጠብቃለሁ...

አንደኛዋ እናቴ ናት። ሁለተኛዋ የእህቴ የትርንጎ አማት፣ እትዬ እናኑ ናቸው። ልጃቸው፣ የትርንጎ ባል፣ ገና መንገድ ላይ ስለሆነ እሳቸው ከጉንደ ወይን ቀድመው ደርሰዋል።

ትርንጎ በኦፕራሲዮን ወልዳለች። ሕፃኗ ደህና ናት፣ ተመስገን። እናትየዋ ግን አልበላም አለች። ሾርባ ሲሏት ዝም፣ ሻይ ሲሏት ዝም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዝም። ነርሷም ጠዋት ወጥታ «ዛሬ የሚጠጣ ነገር ካልወሰደች ጉልበትም አይኖራት፣ ወተቱም አይመጣ» አለችን። ያቺ ቤት የምትሞላ ሳቂታ እህቴ እንዲህ ስትሆን አይቼ አላውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነበር።

እናቶቹም ፈርተዋል። እነሱ ግን ፍርሃታቸውን የተወጡት በፔርሙዝ ነው።

የማን ፔርሙዝ ሙቀት ይይዛል ለሚለው ክርክር፣ የቤት ዕቃ ሱቅ ስላለኝ ዳኛው እኔ ሆንኩ። የእናቴ ማርኩ ሚዳቋ የሆነው ባለ ሚዳቋው ነው፤ ውጪው አበባ፣ ሆዱ መስታወት። የእትዬ እናኑ ደግሞ አዲሱ ባለ ኮከቡ፣ ብረቱ፣ ክዳኑን ነካ ሲያደርጉት የሙቀቱን ቁጥር የሚያበራው። በእነዚህ ሁለት ዕቃዎች ገበያተኛው ራሱ ለሁለት ተከፍሎብኛል። ባለ ሚዳቋው ሙቀት አያያዙ ግሩም ነው፣ ከወደቀ ግን አለቀለት። ባለ ኮከቡ ከበቅሎ ጀርባ ቢወድቅም ምንም አይል፣ የክዳኑ ጎማ ግን ቶሎ ይላላል። ይህንኑ ላስረዳ ብል ማን ይስማኝ!

እትዬ እናኑ ክዳኑን ነካ አደረጉና «ሰባ ስምንት ይላል፤ ጎህ ሲቀድ የሞላሁት እኮ ነው» አሉ።

«የሚጠጣው ቁጥሩ ነው ወይስ አጥሚቱ እትዬ?» አለች እናቴ፣ እንዴት ባለ ትሕትና!

«አይ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። የእርስዎ ስንት ይላል?»

«የእኔ አይናገርም። ጨዋ ነው።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። በዚያ ሰዓት የሳቀ አለቀለት።

በሩ ሲከፈት ሁለቱም እኩል ገቡ። ትርንጎ እንደተኛች ናት። ከሁለቱም ፔርሙዝ በሁለት ኩባያ ቀዳሁ... ሁለቱም ጭሳቸው ይትጎለጎላል። በመዳፌ ነካካሁና «እኩል ናቸው» አልኩ።

«እኩል?» አለች እናቴ።

«እኩል?» አሉ እትዬ እናኑ። በዚች በዚች እንኳ ተስማምተዋል።

ይኼኔ ከአልጋው በኩል ድምፅ ተሰማ። «ኧረ በማርያም... አሁን ለፔርሙዝ ነው የምትጨቃጨቁት? አምጡት፣ እኔ ልፍረድ።»

ትርንጎ ናት! ክው አልን። ቀና አድርገን ደገፍናት። ያደገችበት ነውና ይሉኝታ ይዟት ቀድማ ያነሳችው የአማቷን ነው። እፍ፣ እፍ ብላ አንዴ ፉት... ዓይኗ ፈጠጠ። እንደምንም ዋጠችው። የእናቴን አነሳች። ፉት አለችና ኩባያውን ትክ ብላ አየችው።

«እማዬ፣ ጨው የሚባል ነገር ረስተሻል።» ወደ አማቷ ዞር አለች። «የእርስዎ ደግሞ እትዬ... ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጨው ብቻ ነው።»

ሁለቱም እናቶች ወደየፔርሙዛቸው ዞሩ።

ለካ ፍልሰታ ነው! አጥሚቱ ቅቤ አለው፤ ታዲያ ማን ይቅመሰው? እናቴ በሐሳብ ተውጣ ጨምሬያለሁ ብላ ሳትጨምር ቀርታለች። እትዬ እናኑ አንዴ ጨምረው ዞር ሲሉ፣ ያሳደረቻቸው ዘመዳቸውም ልታግዝ ብላ ደግማበታለች። እኛ ቤት በፍልሰታ፣ ከአራስ በቀር፣ እንኳን አዋቂው ሕፃኑም ቅቤ አይቀምስ። እኔም ራሴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፌን የዘጋሁ ሰው ነኝ። ጠዋቱን ሙሉ ሙቀት ስንለካ ጣዕሙ ትዝ ያለው አንድ ሰው የለም።

የትርንጎ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁና አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ስጠጋ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ትስቃለች! «ወይኔ ስፌቴ... ወይኔ... አታስቁኝ!» ሁለቱ እናቶች ተያዩ። መጀመሪያ እትዬ እናኑ ፈነዱ፣ እናቴም በነጠላዋ አፏን ይዛ ተከተለቻቸው። እኔ ስስቅ ዕንባዬ መጣ፣ አላፍርበትም።

«በሉ ደባልቁልኝ» አለች ትርንጎ።

እናቴ ከባለ ሚዳቋው፣ እትዬ እናኑ ከባለ ኮከቡ፣ አንድ ኩባያ ላይ ገለበጡት። ጠጣችው። ጭላጩን ሳይቀር! ከዚያ ኩባያውን ዘረጋችና «ድገሙኝ» አለች። እናቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ነርሷ ዓይኗን አጉረጠረጠችባት፤ እልልታው እጇ ውስጥ ታፍኖ ቀረ። አመሻሽ ላይ ሕፃኗ ጡት ይዛ ጠባች። እሰይ! ምን እላለሁ ሌላ!

ዛሬ ጠዋት ሁለቱ እናቶች እኛ ቤት በአንድ ድስት ሠሩ። ከመቅዳታቸው በፊት እናቴ ወደ አጥሩ ወጥታ ሙስሊም ጎረቤታችንን ተጣራች። «ዘይነባ! ነይማ እህቴ፣ ቅመሽልን!» ዘይነባ አንድ ኩባያ ቀመሰች... ሁለተኛም ቀመሰች... «ልክ ነው መሰለኝ፣ እስኪ ሦስተኛውን ልየው» ብላ እናቶቹን አሳቀቻቸው።

እና ሱቅ መጥታችሁ የትኛው ፔርሙዝ ይሻላል ለምትሉኝ... ለሙቀቱ ለሁለቱም ዋስ እሆናለሁ፤ በፍልሰታ ግን መጀመሪያ የሚቀምስላችሁ ጎረቤት ያዙ።