ጥለት ያለው ዩኒፎርም

ባለፈው ሳምንት እህቴ ምሕረት ደወለችልኝ። «ታሜ፣ ባጃጅህ ሥራ ከሌላት ሶሊን ዩኒፎርም ቤት አድርስልኝ። ከዚያ ሱቅ ካልተገዛ አናስገባም ብለዋል። ዘረፋ እኮ ነው! እኔ ደሞዝተኛዋ እንዲህ ካቃጠለኝ፣ ሌላው ወላጅ ምን ሊሆን ነው?»

ስልኩን እንደያዝኩ ሳቄ መጣ። ከሰው ሁሉ ይህን የምትለው እሷ ናት!

ሶሊ ልጇ ናት፣ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ አሳፍሬያት ወደ ታችኛው፣ ወደ ሲቀላ ወረድኩ። ሲዘንብ አድሮ ስለነበር አስፋልቱ ገና አልደረቀም፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ አባያ ሐይቅ እንደለመደው ቡናማ ሆኖ ተኝቷል። ሱቁ በር ላይ ስንደርስ ሰልፉ የዘይት ሰልፍ ይመስላል። ከፊታችን ጋቢ የደረበ፣ ከደጋው ከጨንቻ የወረደ የሚመስል ሰውዬ ከልጁ ጋር ቆሟል።

«ኮቱን ብቻ ስጪኝ እህቴ፣ ሱሪ አለው» አላት ሻጯን።

«ነጠላ አንሸጥም አባት። ሙሉውን ነው።»

ሰውዬው ልጁን አየው። ልጁ መሬቱን አየ። እኔ ደግሞ ያንን መሬት በደንብ አውቀዋለሁ።

ያኔ ልጆች ሳለን ነው፣ እኔና ምሕረት ሰባተኛ ክፍል ልንገባ ነው። እሷ በአንድ ዓመት ታንሰኛለች፤ እኔ አንድ ክፍል ደግሜ ደረሰችብኝ። ይሄ ብቻውን ለቅናት አይበቃም? አይበቃም፣ ገና ነው። ትምህርት ቤቱ በመስከረም ዩኒፎርም ቀየርኩ አለ። ድሮ ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር፣ ማንም ልብስ ሰፊ የሚሰፋው። አሁን ኮት ሆነ፣ ልክ እንደ አባያ ውሃ ቡናማ። በአርባ ምንጭ ሙቀት ኮት! ያንን ያሰበ ሰው ስለ ሱቁ እንጂ ስለ እኛ ጀርባ አላሰበም። የሚሸጠውም አንድ ሱቅ ብቻ ነው። ከሌላ ቦታ የገዛ፣ ያሰፋ፣ አይገባም ተባለ። ሱቁ የማን ዘመድ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያወራ ነበር፤ እኔ አላየሁም፣ ዝም ልበል።

አባዬ ሸማኔ ነው፣ የዶርዜ ሰው። ግቢያችን ውስጥ ጉድጓዱ ላይ ተቀምጦ ከጠዋት ጀምሮ ይሠራል፤ የመወርወሪያው ድምፅ ነበር የሚቀሰቅሰን። ያን ሰሞን ያለውን ጋቢ ሁሉ ሸጦ ሱቅ ሄደ። ሲመለስ የያዘው አንድ ላስቲክ ነው። አንድ።

«ይሄ የምሕረት ነው» አለ። «ሴት ልጅ ሰው ያያታል። አንተ ወንድ ነህ፣ ያንተን እኔ እሠራዋለሁ።»

ከላስቲኩ ስታወጣው ቤቱ በአዲስ ጨርቅ ሽታ ተሞላ፤ እማዬ እየፈጨችው የነበረው ዳጣ እንኳን፣ ያ ሁሉ ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት፣ አልሸተተኝም። አዝራሩ ያበራል። ኪሱ ላይ የትምህርት ቤቱ ምልክት አለበት። እጄን ስዘረጋ «ታጠብ መጀመሪያ!» ብላ ጮኸችብኝ። ሚስማር ላይ ሰቅላው እየዞረች ታየዋለች። እኔ ደግሞ እሷን አያታለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ዝናብ ገብቶ እንዲያበሰብሰው ጣሪያውን ሁሉ ቀዳዳ ስፈልግበት ነበር።

አባዬ ዶርዜ ገበያ ወጥቶ ቡናማ ክር አመጣ። ከምሕረት ኮት ጋር እያስተያየ አንዱን ጣለ፣ አንዱን ያዘ። ሲሠራው ዋለ፣ ጎረቤታችን ያለው ልብስ ሰፊ ሰፋው። ለበስኩት። ቀለሙ ያው ነው! ወፍራም ነው፣ ትከሻዬ ላይ ቁጭ አለ። በጣም ደስ ብሎኝ እጄን ዝቅ ሳደርግ እጅጌው ጫፍ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር አየሁ።

ጥለት። ዩኒፎርም ላይ ጥለት!

«አባዬ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ይሄ! ቀለሙ!»

«ጥለት ነዋ። አታውቅም?» አለ፣ እሱ ደግሞ በኔ ተገርሞ። «ጥለት የሌለው ጨርቅ አላለቀም። ለቅሶ እንኳን የሚደረሰው በጥለት ነው። ልጄን ባላለቀ ጨርቅ ልላከው?»

«ቁረጠው!»

«ከቆረጥኩት ይተረተራል።»

ይሄን ስህተት የሚሠራ ሌላ አባት ያለ አይመስለኝም። ቀለሙን አመሳስሎ፣ ልኩን አመሳስሎ፣ መጨረሻ ላይ እጁ እምቢ አለው። እማዬ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፈችልኝና በመርፌ ያዝ ያዝ አደረገችው።

ሰኞ ሰልፍ ላይ ቆምን። ባንዲራ ተሰቀለ፣ አልተነቃብኝም። ከዚያ ዩኒት ሊደሩ ስፖርት አሠራን። «እጅ ወደ ላይ! ወደ ጎን! ወደ ላይ!» ክሩ ተበጠሰ። እጅጌዬ ተዘረገፈ።

«ኧረ ሙሽራው!» አለ ከኋላዬ አንዱ። «ሚዜዎቹስ የታሉ?» ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

ዩኒት ሊደሩ መጣ። ከሰሜን የመጣ፣ ጥርት ያለ አማርኛ የሚያወራ ሰው ነው። «ከየት ነው የተገዛው?»

«አባቴ ሠርቶት ነው ቲቸር።»

«አባትህ ሱቁ ውስጥ ይሠራል?»

«አይ፣ ቤት።»

«ውጣ።»

ስወጣ ምሕረትን አየኋት። ሴቶቹ ሰልፍ መሃል፣ በሚያበራው አዝራሯ፣ ፊት ለፊት ብቻ እያየች ቆማለች። አንገቷን እንኳን አላዞረችም።

በማግስቱ አባዬ አብሮኝ ሄደ። ዩኒት ሊደሩ እጅጌዬን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው። «ጥሩ ጨርቅ ነው አባት፣ አልዋሽዎትም። ግን ከሱቁ አይደለም።»

«ቀለሙ ያው ነው መምህር። ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ጫፉ ነዋ።»

«ጫፉ እኮ መጨረሻው ነው» አለ አባዬ። «መጨረሻ የሌለው ጨርቅ አለ?»

«ቆርጠው ቢያመጡትም ከሱቁ ካልሆነ አይገባም።»

አባዬ ሌላ ጋቢ እስኪሸጥ ጠብቅ አለኝ። ዝናቡ ባሰ፣ ገበያተኛው ቀረ፣ ጋቢ የሚገዛ ጠፋ። እኔም ቁጭ ከምል ብዬ ሙዝ መጫን ጀመርኩ፤ በጋሪ ከእርሻ ወደ መኪና። ማታ ማታ ምሕረት ደብተሯን ዘርግታ ስታጠና እጄ በሙዝ ሙጫ ጠቁሮ፣ ሙዝ በቆጮ እየበላሁ አያታለሁ። እንዳላነብባት ይመስል ደብተሩን ወደ ራሷ ታዞራለች። ወይም ለኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጋሪዬን እየገፋሁ በትምህርት ቤቱ አጥር ሳልፍ ከበሮ ሰማሁ። የብሔረሰቦች ቀን እያከበሩ ነው። ቆሜ በሽቦው አየሁ። ምሕረት መሃል ላይ ትጨፍራለች። የለበሰችው የኔን ኮት ነው! ከሳጥኑ አውጥታ፣ ሳትጠይቀኝ፣ እጅጌውን ዘርግታ፣ ጥለቱ እንዲታይ። ያው ዩኒት ሊደር ማይክ ይዟል። «አጨብጭቡላት! ባህላችን ማለት ይሄ ነው!»

አጨበጨቡላት። እኔን ያስወጣኝ ጨርቅ እሷን አስጨበጨበላት። ያኔ ያንጀቴን ማረር በምን ልንገራችሁ? ሙዙን እዚያው ትቼ ልሄድ ነበር፤ ግን የሰው ሙዝ ነው፣ ገፋሁት።

ለኔ የሚሆን ዩኒፎርም የተገኘው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ትምህርቱ አምልጦኝ ነበር። በኋላ የማታ ትምህርት ሞከርኩ፣ ስምንተኛ ላይ ቆመ። እሷ ዩኒቨርሲቲ ገባች። አባዬ አረፈ። ኮቱ አሁን ምሕረት ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው፣ በመስታወት ውስጥ፣ ከምርቃት ፎቶዋ ጎን። እንግዳ ሲመጣ «የአባዬ እጅ ሥራ ነው» ትላለች። በማን ልክ እንደተሰፋ አትናገርም።

እና ባለፈው ሳምንት ሶሊን ከነዩኒፎርሟ ቤት መለስኳት። ለበሰችው። እንዲያገለግላት ተብሎ ሰፊ ስለተገዛ እጅጌው ጣቶቿን ውጧል።

«ታሜ፣ እጠፍልኝ።»

ተንበርክኬ ሳጥፍላት ጫፉን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች።

«እማዬ፣ የኔ ለምንድን ነው እንደዚያ ቀለም የሌለው?»

«ያንቺ የሱቅ ነው የኔ ቆንጆ» አለች ምሕረት ከጓዳ።

«እኔ የሱቅ አልፈልግም! ያንን ነው የምፈልገው!» ከንፈሯን ጣለች። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። የሰው ልብስ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ሲያዩ የሚመጣ ፊት ነው።

ደስ አለኝ። የትንሽ ልጅ ቅናት ነው፣ ግን ደስ አለኝ።

«ያ የኔ ነው» አልኳት። «አያትሽ ለኔ የሠራልኝ ዩኒፎርም ነው።»

ምሕረት ከጓዳ ወጣች። እጇን በፎጣ ጠረገች። «እውነቱን ነው» አለቻት ለልጇ። ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ «አውርደህ ውሰደው ከፈለግክ» አለች።

ተነስቼ መስታወቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። ቀላል ነው። ከዚያ የኔን የኪራይ ክፍል አሰብኩ፤ ቆርቆሮ ግድግዳ፣ የባጃጅ ጎማ፣ አንድ አልጋ። እዚያ ማን ያየዋል?

አላወረድኩትም። እዚያው ተሰቅሎ ሰው ይቅናበት።