በግራ በኩል የሰፋው ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ የምትሠራው በሙሽራ ልብስ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። ታናሽ እህቷ ሚጢ ደግሞ ከፊት፣ ትልቁ መስታወት ፊት ቆማ፣ ቀሚሶቹን እየለበሰች ለገዢ ታሳያለች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ አንድ ክፍልና አንድ አልጋ ይጋራሉ።

ሚጢ ዳሌዋን በቀዶ ጥገና በሲሊኮን አስሞልታለች። ሐኪሙ ሲሊኮኑ እንዳይንሸራተት ከዳሌ አጥንቷ ጋር በብሎን አስሮላታል።

"ብሎኑ ሊላላ፣ ውስጡም ሊያመረቅዝ ይችላል" ብሏት ነበር። "እብጠት ካየሽ ዛሬ ነገ ሳትዪ ነዪ።"

ሚጢ ግን የሐኪም ነገር ሲነሳ ወሬ ትቀይራለች። ሲሊኮኑን ካወጡት ሥራዋም አብሮ እንደሚወጣ ታውቃለች።

ግራ ዳሌዋ ማበጥ ሲጀምር ቀድመው ያወቁት የእህቷ እጆች ናቸው። ለማሳያ የምትለብሰው ቀሚስ በዚያ ጎን ተወጠረ። ልብስ ሰፊዋ ልትናገር ቀና ስትል ሚጢ መስታወቱ ውስጥ ለራሷ ፈገግ ብላለች። መናገር አልሆነላትም። ሱቁ ሲዘጋ ስፌቱን ፈታ ትንሽ አሰፋችው። በሳምንቱ ደግሞ አሰፋችው። ቀኙ ያነሰ እንዳይመስል ከውስጥ ስፖንጅ ሰፋችበት።

"እታለም፣ አንዳንዴ ይወጋኛል" አለች ሚጢ አንድ ቀን። "ግን ቢያብጥ ቀሚሱ እምቢ ይለኝ ነበር፣ አይደል?"

"ቁሚ በደንብ" አለቻት እህቷ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ።

ባለሱቋ ከባንኮኒው ሆና፣ "ለእኔም እንዲህ ብትሰፊልኝ ኖሮ ባሌ በጊዜ ቤቱ ይገባ ነበር" አለች። ሚጢ ሳቀች።

ለአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እያሳየች ሳለ ግራ እግሯ ከዳት። ሰውነቷ ይፋጅ ነበር። ሆስፒታል ሲያደርሷት ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው።

"ምርቀዛው ብሎኖቹ የያዙትን አጥንት በልቶታል። ሁሉንም አውጥተን የሞተውን እንጠርጋለን። እንደ ድሮው ትራመዳለች ብዬ አልዋሻችሁም። መቼ ነው ያበጠው?"

"ሰሞኑን ነው" አለች ሚጢ።

"አይደለም" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ወለሉን እያየች። "ከሁለት ወር በላይ ሆኖታል። እኔ ነኝ ቀሚሱን የማሰፋው።"

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሚጢ ለቀናት አላናገረቻትም። ባለሱቋ ሌላ ልጅ ቀጥራለች። አንድ ከሰዓት፣ ልብስ ሰፊዋ አንሶላውን ስታስተካክል፣ ሚጢ ጠየቀቻት።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደስ ብሎሽ ነበር።"

ሚጢ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች።

"ሽንት ቤት ውሰጂኝ" አለች ሚጢ ሳታያት። ሌላ የምትጠራው ሰው አልነበራትም።

ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ ክንዷን በሚጢ ብብት ስር አስገባች። ግራ እግሯ ወለሉን እየጠረገ ይጎተታል።

"ቀስ በዪ" አለቻት።

"ከዚህ በላይ ቀስ የለም" አለች ሚጢ።