እጅሽ ላይ ተቀመጪ

የዚያን ቅዳሜ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ባለችው የሐበሻ ሱቅ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ፣ ቼዝ የሚያስተምሯት ጋሼ፣ ባለሱቋ እትዬ እና የማናውቃቸው ሁለት ጎረምሶች ነን። ሌላ ሰው አልነበረም።

ጊዜው ኮሮና ነው። ልጄ ቤት ተዘግታ በላፕቶፕ ስትማር ቁጡ ሆነችብኝ። አንድ ቀን ላፕቶፑን ከግድግዳ ጋር አጋጨችው፤ ልይዛት ስል ደም እስኪወጣ እጄን ነከሰችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የማደርገው ጠፋኝ። እትዬ «ወደዚህ አምጫት፤ ጋሼ ቼዝ ያጫውቷት» አሉኝ። ጋሼ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ እረፍታቸውን ሱቁ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያሳልፉት።

«እጅሽ ላይ ተቀመጪ» አሏት መጀመሪያ።

«ዋይ? ለምን?»

«እጅሽ ከዓይንሽ ይቀድማላ! ሰሌዳውን በሙሉ እዪና ከዚያ እጅሽን ታወጫለሽ።»

ሲያሸንፏት ሰሌዳውን ገለበጠችባቸው። «ጎበዝ! አሁን ደግሞ ልቀሚ» ብለው ሳቁ። እየዋለ እያደረ መወርወሩም መንከሱም ቀረ። ቤት ውስጥ ስትናደድ እጇ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ዓይኗ ብቻ ይዞራል።

የዚያን ቅዳሜ ጎረምሶቹ ማቀዝቀዣው ጋ ተጣሉ። አንደኛው በጠርሙስ የሌላውን ግንባር ፈነከተው። ደሙ ወለሉ ላይ ተንዠቀዠቀ። የተመታው ቢላ መዘዘ። ጋሼ ብድግ አሉ። እኛ አገር ሰው ሲጣላ ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ አያይም። «ተዉ ልጆቼ! በእናታችሁ!» እያሉ መሀል ገቡ። በአማርኛ ነበር፤ ልጆቹ ደግሞ አማርኛ አያውቁም፤ ማን ይስማቸው? ቢላው ጎናቸው ውስጥ ገባ።

ጠርሙስ የያዘው ልጅ ሮጦ ወጣ። ሄደልን ብዬ ልጄን ወደ በሩ ጎተትኳት።

«ማም፣ ዌይት! ሂ ሃዝ ኤ ገን!»

እሷ በመስኮቱ ስታየው ነበር። ከመኪናው ሽጉጥ አውጥቶ ይመለሳል። ቀሚሴን ይዛ ጠረጴዛው ሥር ጣለችኝ። ተኩሱ የበሩን መስታወት አረገፈው፤ ስብርባሪው ከነቼዙ ዙሪያችን ወረደ። ያ ልጅ ከዚያ በመኪናው አመለጠ፤ ባለቢላውም በጓሮ በር ወጣ።

ጋሼን አምቡላንስ ወሰዳቸው። በኮሮና ምክንያት ጠያቂ አይገባም። ሆስፒታሉ ጋ ስንደውል «ስማቸው ማን ነው?» አሉን። እትዬም እኔም ስማቸውን አናውቅም። ትልቅ ሰው ስሙ ይጠየቃል እንዴ? ለሁላችንም ጋሼ ናቸው። ስልካቸውም ከዚያ ወዲህ አይነሳም።

ልጄ «ጋሼ ሳያዩ ለምን ተነሱ?» አለችኝ።

«አይተው ነው የተነሱት» አልኳት።

እስካሁን ሰሌዳውን ዘርግታ ትጠብቃቸዋለች። ክሊቭላንድ አቬኑ አካባቢ ታክሲ ይነዱ የነበሩ፣ ቀጭን ረጅም፣ ግራ ጆሯቸው በደንብ የማይሰማ ጋሼን የምታውቁ ካላችሁ፣ መኖራቸውን ብቻ ንገሩን።