ከወንበሩ ከወረድኩ በኋላ

እንጅባራ የዞኑ የውሃ መምሪያ ኃላፊ ሳለሁ፣ ከቤቴ እስከ ቢሮ በእግሬ ስሄድ ሰላምታው አያራምደኝም ነበር። ባለቤቴ ስትታመም ግን እኔው ራሴ መልቀቂያ ጠይቄ ወጣሁ። አስታመምኳት፤ አልዳነችም።

ከተዝካሯ በኋላ ከተማ ብቅ ስል ስለ እኔ የሚወራው ሌላ ሆኖ ቆየኝ። «ተባሮ ነው እንጂ ማን በፈቃዱ ወንበር ይለቃል» ይባላል አለኝ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ። ሰው መሀል ተቀምጠህ እውነቱን ተናገር ብሎም መከረኝ። የሚስቴን ሕመም የስሜ ማጽጃ ማድረግ አልሆነልኝም። ዝም አልኩ። ሰዉም ዝምታዬን ጥፋቴን እንደ ማመን ቆጠረው። በየበዓሉ ይደውሉ የነበሩት ቀሩ። ክረምቱን በመስኮት መንገዱን ሳይ ከረምኩ።

መስከረም ላይ ዳንግላ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ውሃ መጥፋቱን አንሥተው፣ በእኔ ቦታ የተሾመችው ሴት አልቻለችበትም እያሉ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ጀመር። ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው ቃሌን ሲጠብቅ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። አንዲት ነገር ጣል ባደርግ እሷ ወድቃ እኔ እነሣለሁ።

«እኔም እያለሁ ይጠፋ ነበር» አልኩ። «ሥራው ከባድ ነው፤ ጊዜ ስጧት።»

ወዲያው ጨዋታቸውን ወደ ሌላ ሰው አዞሩ።

ይህን ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ብዙም ሳይቆይ አዲሷ ኃላፊ ደወለችልኝ። ጥሊሊ አካባቢ ከምንጭ የሚመጣው መስመር አስቸግሯቸው ኖሮ፣ ሲዘረጋ እርስዎ ነበሩና ቢያሳዩን አለችኝ። ሄድኩ። ከባለሙያዎቹ ጋር በጭቃ ስንዞር ውለን አፈር የዋጠውን የመስመሩን መክፈቻና መዝጊያ ቫልቭ አገኘነው። ስንለያይ ማንም ሳይጠይቃት ወደ ባለሙያዎቹ ዞረች።

«ባለቤታቸውን ለማስታመም ብለው ነው ሥራውን የለቀቁት» አለች። «ማመልከቻቸውን አንብቤዋለሁ፤ ማንም አላባረራቸውም።»

እጇን ጨብጬ ተሰናበትኳት። ያ ቃሏ ኋላ ከተማ ደርሶ ሐሜቱን አቀዘቀዘው፤ ሰላምታውም ተመለሰ።

የዚያን ዕለት ግን በመኪና እንሸኝዎ ሲሉኝ እንቢ ብዬ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጭቃ የነካውን ሱሪዬን አይተው ሥራዬን ጠየቁኝ። የውሃ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አሁን ቤት ነኝ አልኳቸው።

«ቤት ማን አለህ ልጄ?»

እንጅባራ ደርሰን ነበርና ወርጄ ማንም ወደማይጠብቀኝ ቤቴ አመራሁ።