በፍልሰታ ጾም አሳማ አቅፌ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው በዚህ ዕድሜዬ አሳማ አቅፌ ባጃጅ ስለተሳፈርኩ ብቻ አይደለም። አጠገቤ ማን ተቀምጦ እንደነበር ስነግራችሁ ይገባችኋል።

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የምርምር ግቢ ዘበኛ ነኝ። ቀደም ሲል የምንጠብቀው ዶሮና በግ ነበር። ኋላ ግን ሰላማዊት የምትባል የእንስሳት ሐኪም፣ ለመመረቂያ ጥናቷ የሚሆኑ የአሳማ ግልገሎች አመጣች። አሳማን በትኩሳት የሚያነድ፣ አንዴ ከገባ ጉረኖውን ጠራርጎ የሚጨርስ ቫይረስ አለ አለችኝ። ለእሱ የሚሆን ክትባት ትወጋቸዋለች፤ ከዚያ ደማቸውን እየቀዳች፣ ክትባቱ መሥራት አለመሥራቱን ታያለች።

እንግዲህ የኔ ኑሮ መታጠብ ብቻ ሆነ። ማታ ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ ውድነሽ በጆግ ውሃ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። "እግርህን ሳትታጠብ እንዳትገባ!" ትላለች። ጠዋት ደግሞ ጉረኖው በር ላይ ሰላማዊት መድኃኒት ያለበት ውሃ ይዛ ትቆማለች። "አባባ፣ እግርዎን ሳይነክሩ እንዳይገቡ!" ትላለች። ስወጣም እንዲሁ ነው። ይህቺ ደግ ልጅ ከአሳማ እርኩሰት ልታድነኝ ነው ብዬ ስመርቃት ከረምኩ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ደም ልትቀዳ ነበር። ጠዋት ዕቃ ልታመጣ ከተማ ሄደች። ሌሊት የጣለው ዝናብ የአጥሩን ሥር ቦርቡሮት ኖሮ፣ ብቅ ብዬ ባይ አንዱ ግልገል የለም። ደወልኩላት። "አባባ፣ ድሮም ጥቂት ናቸው። አንድ ከጎደለ ጥናቱ አይሞላም። መመረቄም ቀረ በቃ" አለችኝ። ስታለቅስ ይሰማኛል።

"አይዞሽ፣ አገኘዋለሁ" አልኳት። ሳገኘው በምን እንደምይዘው አላሰብኩም።

ዱካውን ተከትዬ ወንዝ ወንዙን ወረድኩ። እሩቅ ሄዷል ለካ። ከታች ጫጫታ ሰማሁ። "ከርከሮ! ከርከሮ!" ይላሉ። የኔው ግልገል ያዛው የሚባል ገበሬ የድንች ማሳ ውስጥ ገብቶ እየቆፈረ፣ ውሻውም ሰዉም ከቦታል። ያዛው ጦር አንስቷል።

"አያ ደሴ፣ ዞር በል! ድንቼን ፈጀው!"

"ተው ያዛው! ከርከሮ አይደለም፣ የመንግሥት ነው!"

ጦሩን ዝቅ አደረገና፣ "መንግሥት ደግሞ ድንቼን ምን አድርግ ብሎ ላከው?" አለኝ። "በል እሺ፣ ያዘዋ!"

ይህን ሲል ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ማን ይነካዋል? እኔም ላፈገፍግ ስል ግልገሉ ከውሾቹ ሸሽቶ እግሬ ሥር ተወሸቀ። በስመ አብ ብዬ ጋቢዬን ጣልኩበት፣ ጠቅልዬም ታቀፍኩት። ስጠየፈው የኖርኩት ፍጡር ልቡ እንደ ጫጩት ልብ ይመታል።

መንገድ ላይ ስወጣ ዝናቡ መጣ። አንድ ባጃጅ ቆመልኝ። ሾፌሩ ኑሩ ነው፤ በዚያ መንገድ ሁልጊዜ ይመላለሳል። ከኋላ በሽተኛ ጠይቀው የሚመለሱ፣ እኔም የማውቃቸው ቄስ ተቀምጠዋል።

"ግባ እንጂ ደሴ! ሕፃን ታቅፈህ ዝናብ ላይ ትቆማለህ?" አሉኝ።

ልናገር አፌን ስከፍት ኑሩ ነድቶት ነበር።

"የልጅ ልጅህ ነው?" አሉ ቄሱ።

"አይ አባ፣ የሰው አደራ ነው።"

"አሞታል እንዴ?"

"ገና አላመመውም። ትኩሳት እንዳይዘው ይፈራለታል።"

"ክትባትስ ወስዷል?" አለ ኑሩ ከፊት።

"ወስዷል።"

"ደግ አድርጋችኋል። ዋናው እሱ ነው።"

እንግዲህ ፍረዱኝ፣ አንድም ውሸት አልተናገርኩም። ግን ቄሱ ከካባቸው ሥር የእጅ መስቀላቸውን አወጡ።

"እስኪ ፊቱን ግለጥልኝ፣ ላሳልመው።"

በዚያ ብርድ ላብ አሰመጠኝ። መስቀሉ ወደ ጋቢዬ ሲጠጋ እኔ ወደ ባጃጁ ሸራ ስለጠፍ፣ መሸሻ አለቀብኝ።

"አባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ይህ የሚሳለም አይደለም።"

"ለምን? ክርስትና አልተነሳም?"

"አልተነሳም። የሚነሳም አይመስለኝም።"

ይህን ጊዜ ግልገሉ አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ብቅ አደረገና ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ለቀቀው። ኑሩ ዞሮ አየ። ባጃጁ ቦይ ዳር ሄዶ ቆመ። "አዑዙ ቢላህ!" ብሎ ኑሩ በአንድ በኩል ዘለለ፣ ቄሱ በሌላ በኩል። እኔና አሳማው ብቻችንን ቀረን።

"አባባ፣" አለ ኑሩ ዝናብ ላይ ቆሞ፣ "እኔ አልበላው፣ አባ አይበሉት፣ እርስዎ አይበሉት። ለማን ይዘውት ነው?"

የልጅቷን ነገር ነገርኳቸው፤ ልቅሶዋንም አልደበቅሁ። ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ አሰቡ።

"ስንት ዓመት ተምራለች?"

"ከልጅነቷ ጀምሮ ነው እንግዲህ፣ አባ።"

"በል ኑሩ፣ ንዳ። እኔ ግን ካንተ ጋር ከፊት ነኝ።"

በዚያች ጠባብ የሾፌር ወንበር ቄሱና ኑሩ ተጣብቀው፣ እኔና አሳማው ከኋላ እንደ ሹም ተንሰራፍተን ግቢው ደረስን።

ሰላማዊት የመድኃኒት መርጫ ተሸክማ በር ላይ ቆማለች። ግልገሉን ስታይ ፊቷ በራ። ቢሆንም "እንዴት ዋላችሁ" ሳትል ሁላችንንም ትረጨን ጀመር። ቄሱ የካባቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን ዘረጉላት።

"እዚህም ጨምሪልኝ ልጄ። በደንብ!"

"ወንበሩንም! ጎማውንም!" ይላል ኑሩ።

ረክተው ሲያበቁ ቄሱ፣ "ተባረኪ፤ ከእርኩሰቱ አነጻሽን" አሏት።

ልጅቷ ግራ ገባት። "አይ አባ፣ ከውጭ ይዛችሁት የመጣችሁት በሽታ አሳማውን እንዳይዝብኝ ብዬ ነው እንጂ።"

ቄሱ ካባቸውን አዩ። አሳማውን አዩ። እንደገና ካባቸውን አዩ። ኑሩ የባጃጁን ብረት ይዞ እስኪንበረከክ ሳቀ። እኔማ የከረምኩበት ምርቃት ሁሉ ትዝ ብሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

ደሙ ተቀዳ፣ ጥናቷም ሞላ፣ ተመረቀች። ጋቢዬን ግን ውድነሽ ቤት አላስገባም አለች፣ ሰላማዊትም ከጉረኖ አይወጣም አለች። እዚያው ቀረ። ግልገሉ ዛሬ ትልቅ አሳማ ሆኗል፤ ከዚያች ጨርቅ ላይ ግን አይነሳም። ጠዋት ጠዋት በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ አየዋለሁ። አልናደድም። አሁንም እጄን አላስነካውም፤ ግን እግሬን ስነክር ለማን ብዬ እንደምነክር አውቃለሁ።

ቄሱን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አገኛቸዋለሁ። ሰው ሲበተን ጠብቀው ጠጋ ይሉና፣ "ያ ልጅ እንዴት ነው? ትኩሳቱስ?" ይሉኛል።

"የለበትም፣ አባ።"

"ተመስገን" ይሉና፣ የሰማ ሰው እንዳለ ዞር ዞር ብለው ያያሉ።