ከእንግዴ ልጅ ላይ ሽምብራ የምታህል ቁራጭ

የብርጓል እንግዴ ልጁን ነጭ ሳፋ ላይ ዘርግታ ደሙን ታለቀልቃለች። ጣቶቿ ቀጫጭን ናቸው፤ በጓንቱ ውስጥ እንኳ ይታወቃሉ። እትብቱ ከተተከለበት ራቅ ብላ፣ ከአምስት ቦታ፣ ሽምብራ ሽምብራ የሚያህል ቆረጠችና በትንንሽ ብልቃጦች ከተተች። እኔ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ሥራውን የሰጠችኝ እሷ ናት።

«ስንት ሆነ እማማ?»

«ዐሥራ ዘጠኝ።»

«እንግዲያው አልረፈደብንም።»

ምራቴ ሂዊ ከመጋረጃው ወዲያ ሴት ልጇን ታጠባለች። ቁራጩ ለጥናት እንዲወሰድ ፈቅዳ የፈረመችው ከመውለዷ በፊት፣ እናቶች ማቆያው ቤት ሳለች ነው። ወረቀቱን እኔም ፊደል በፊደል አንብቤዋለሁ፤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

የብርጓል የቁይ ገበሬ ልጅ ናት። ደብረ ማርቆስ አዋላጅነት ተምራ አምበር አጠገብ ወዳለው ጤና ጣቢያችን ከመጣች ስምንት ዓመት ሆናት። ማቆያው ቤት ገንፎ ሲገነፋ ካየች እጅጌዋን ሰብስባ ማማሰያውን ትቀበላለች። «የሰው ልጅ ስትቀበይ ኖርሽ፤ የራስሽን መች ልናይ ነው?» ሲሏት፣ «እናንተ መች ፋታ ሰጣችሁኝ» ትላለች።

ዓምና ሌላ ሥራ ተጨመረላት። ደብረ ማርቆስ ያሉ ተመራማሪዎች፣ በጤና አርግዘው በጤና ከወለዱ እናቶች የእንግዴ ልጅ ቅንጣት እንድትሰበስብ ጠየቋት። እስከ ፋሲካ ካልተገኘ የእኛ አካባቢ ከጥናቱ ይወጣል ተባለ። አንዲትም እናት እሺ አላለች። በእኛ ዘንድ እንግዴ ልጅ ምንም ሳይጎድልበት ከጓሮ ይቀበራል፤ ከአያቶቻችን የወረስነው ነው።

በኅዳር ልጄ ፀደንያ ወለደች። የመጀመሪያዋ ፈቃደኛ እሷ ነበረች፤ ለእኔ ግን የነገረኝ የለም። የብርጓል ሕፃኑን ልትመዝን ዞር ስትል፣ እንግዴ ልጁን ከነሳፋው በነጠላዬ ሸፍኜ ወጣሁ። ባጃጅ ተሳፍሬ ቤቴ ገባሁና ጌሾው ሥር ቆፍሬ ቀበርኩት።

ከሰዓት በኋላ የብርጓል በእግሯ መጣች። ዶማው ገና ከደጃፉ አልተነሣም።

«ቀበሩት?»

«ቀበርኩት።»

«በደንብ?»

«ውሻ እንዳያወጣው ድንጋይ ጭኜበታለሁ።»

«ሳፋዬስ?»

ሳፋውን አጥቤ ፀሐይ ላይ ደፍቼው ነበር። አየችውና ሳቀች። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ መደቡ ላይ ተቀምጣ ውሃ ለመነችኝ። ጠጥታ ስታበቃ ስለ ባለቤቴ ጠየቀችኝ።

«ቄስ ገዳሙ ዳዊት ይደግማሉ አይደል?»

«በየቀኑ።»

«ሙሉውን?»

«የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ።»

«ዘረ መል የምንለውም እንደዚያ ነው እማማ። ከእናትና ከአባት የወረስነው ጽሑፍ ነው። በሰውነታችን ቅንጣት ሁሉ ሙሉው አለ፤ ዐይን ግን የዐይኑን ያነባል፣ ጉበት የጉበቱን። እንግዴ ልጅም የራሱን ያነባል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማኅፀን ላይ ሥር የሚሰድበትን፣ እያደር ደግሞ ለልጁ ምግብና አየር የሚያቀብልበትን ይበልጥ ያነባል። በመውለጃው ጊዜ የትኛውን እያነበበ እንደነበር ማወቅ የእኛ ድርሻ ነው። ከወጣ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ግን የንባቡ ምልክት እየጠፋ ይሄዳል።»

«ልጄ እኮ ጤነኛ ናት። የጤነኛ ምን ይሠራላችኋል?»

ብርጭቆውን መደቡ ላይ አስቀመጠች። «ታላቅ እህቴ በስምንተኛ ወሯ ፊቷና እጇ አበጠ፤ ደም ግፊት ነው ተባለ። እሷ ተረፈች፣ ልጇ አልተረፈም። ችግሩ ከእንግዴ ልጁ ነው አሉን። ምኑ ላይ? ጤነኛው ምን እንደሚያነብ ካላወቅን የታመመውን በምን እንለየው?»

ነገሩ ገባኝ። ይጎድላል የሚለው ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም። «ምራቴ ስትወልድ ሽምብራ የምታህል ውሰጂ፤ የቀረውን በእጅሽ ይዘሽ መጥተሽ አብረሽኝ ትቀብሪያለሽ» አልኳት። ሂዊ ያኔ ስድስተኛ ወሯን ይዛ ነበር።

«ሂዊ ራሷ ከፈቀደች» አለች የብርጓል።

ሂዊ ፈቀደች፤ የካቲትም ደርሶ ወለደች። ብልቃጦቹ በበረዶ ሣጥን ሆነው በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ሄዱ። የብርጓል የቀረውን በማሰሮ አድርጋ፣ አፉን በንጹሕ ጨርቅ አስራ፣ ከእኔ ጋር መጣች። የሂዊ ባል፣ ልጄ አንተነህ፣ ጌሾው ሥር ጉድጓድ እየቆፈረ ጠበቀን።

«እንግዴ ልጅ ከልጁ ጋር ነው የሚበቅለው» አለችው። «ካንተ የወረሰውም በውስጡ ሲሠራ ነው የቆየው።»

«እንዲያ ከሆነ አንተም ዘጠኝ ወር ሥራ ላይ ነበርክ» አልኩት።

«ደክሞኛል ስልሽ መች አመንሽኝ?» አለ ላቡን እየጠረገ።

ማሰሮውን ፈትተን ስናወርደው ጎንበስ ብዬ አየሁ። የተቆረጠበትን ቦታ ፈለግኩ፤ ዐይኔ ከአንዱ በቀር አላገኘም። እሱንም ያገኘሁት ቀድሞ ስላየሁት ነው። ልቤ ተመለሰ። አፈሩን መለስን፤ ድንጋዩን የብርጓል ራሷ ጫነችበት።

«ውሻ እንዳያወጣው» አለችኝ።

እስከ ፋሲካ ሌሎች አራት እናቶች ፈቀዱላት፤ የአራቱንም ቤታቸው ድረስ ይዛ ሄዳ ቀብራለች። ውጤቱ ገና አልመጣም፤ ብዙ ጊዜ ይፈጃል ብላናለች። የእኛ አካባቢ ግን ከጥናቱ አልወጣም።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ልጃችሁ ወይም ምራታችሁ ስትወልድ አዋላጇ ቅንጣት ብትለምን፣ ወላዷን ጠይቋት። እሺ ካለች እንደ እኔ ሳፋ ይዛችሁ አትሩጡ፤ አጠገቧ ቆማችሁ ደቂቃውን ቁጠሩላት።